አምስት ሰው ፊት መከላከል

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ሱሉልታ... ቅዳሜ ጠዋት የጥያቄ ወረቀቴን ይዤ ኦቦ ቶላ ደጃፍ ቁጭ ብያለሁ። ውጭ አገር ለዶክትሬት ሶሲዮሎጂ እማር ነበር፤ የመጣሁትም የጭሰኞችን ኑሮ ላጠና ነው።

ኦቦ ቶላ ሽማግሌ ጭሰኛ ናቸው። በዚያው ሰሞን ባለመሬቱ «ትራክተር ላስገባ ነው፣ መኸር ሲያልቅ ልቀቁ» ብሎ ልኮባቸዋል። ለጎረቤቶቻቸውም እንዲሁ።

«ይሄ ትምህርትህ እንዴት እንዴት ነው የሚሄደው፣ ኢልመኮ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ደስ ብሎኝ አስረዳኋቸው። «ሁለት ዓመት ክፍል ገብቼ ተማርኩ። ከዚያ ከባድ ፈተና አለ... እሱን አለፍኩ። የማጠናውን ጽፌ አስፈቀድኩ። አሁን እናንተን እየጠየቅኩ መረጃ እሰበስባለሁ። ተመልሼ ሁለት ዓመት እጽፋለሁ። መጨረሻ ላይ አምስት ትልልቅ ሰዎች ፊት ቆሜ እከላከላለሁ።»

ኦቦ ቶላ ቀና አሉ። «ስለ እኛ?»

«አዎ፣ ስለ እናንተ።»

በሳምንቱ ስመጣ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ለወራት «የግብር ሰው ነው» እያሉ ሲሸሹኝ የነበሩ ሁሉ ተራ ይዘው ጠበቁኝ። ስንት ዘመን እንዳረሱ፣ ስንት ቀን በነፃ እንዳጨዱ፣ ማን ምስክር እንደሚሆናቸው... አንዷ እናት ልጆቿ የተቀበሩበትን ሳይቀር ወስዳ አሳየችኝ። እኔ ሞኙ፣ ጥናቴ ሰመረ ብዬ ወረቀት እስኪያልቅብኝ ጻፍኩ።

ልሄድ ስነሳ ኦቦ ቶላ ክንዴን ያዙ።

«ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ ከፈረዱልን መሬቱ ላይ እንቆያለን አይደል?»

ያኔ ገባኝ። ለካ ጠበቃቸው ሆኛለሁ።

«ኦቦ... ዳኞች አይደሉም፣ አስተማሪዎች ናቸው። የምከላከለው የጻፍኩትን ነው።»

«እንግዲያ እኛ ተሸንፈን፣ አንተ ልታሸንፍ ትችላለህ?»

መዋሸት አቃተኝ። «እችላለሁ» አልኩ።

ኦቦ ቶላ ለተሰበሰበው ሰው በኦሮምኛ ነገሩት። ማንም አልተቆጣም... ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ በአንድ እየተነሱ ሄዱ። አፈርኩ፤ ዛሬም አፍራለሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አምስቱም በአንድ ድምፅ አሳለፉኝ። አንደኛው እጄን እየጨበጠ «ከሁሉ የወደድኩት ሰዎቹ ራሳቸው የሚናገሩበትን ምዕራፍ ነው... ለመሆኑ አሁን የት ናቸው?» አለኝ።

ከጥያቄው ሁሉ መልስ ያጣሁለት እሱ ብቻ ነበር።