ጀልባ ላይ «ኖር»

በዕድሜ የገፉ የማኅበራችንን ሰዎች ከላሊበላ ይዤ የጣናን ገዳማት ልንሳለም ሄድን። ዋና የሚችል አልነበረንም፤ ለልጆቻቸው «በሰላም እመልሳቸዋለሁ» ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ባለጀልባው የመንሳፈፊያ ጃኬት አለበሰንና «ጀልባው እንዳይገለበጥ ማንም ከመቀመጫው አይነሳ!» ብሎ አስጠነቀቀን። ሁላችንም እሺ አልን።

ወደኋላ የቀሩት የነፍስ አባታችን ሲገቡ ግን «ኖር!» ብለን አንድ ላይ ብድግ አልን። ጀልባው አዘነበለ፤ አንዲት እናት እላዬ ላይ ወደቁ።

ባለጀልባው ተቆጣ። «አባታችን፣ ይውጡና እንደገና ይግቡልኝ። እነዚህ ሰዎች ሳይማሩ ሞተር አላስነሳም!»

እንደገና ሲገቡ አግዳሚውን ጨብጠን ተቀመጥን። ቄሱ ቆም ብለው አዩንና «ውሃ ላይ ቄስ እንዲህ ነው የሚናቅ?» አሉ። አፍሬ አቀረቀርኩ።

ይሄኔ ከኋላችን «ኖር፣ አባቴ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ጀልባው እንደገና አዘነበለ። ዞር ስል የቆመው ባለጀልባው ነው።