ሳጥኗ ምድር ቤት አታይም

ቬርሊን ሆጅስ ስትቆጣ አትጮህም። ድምፅዋ ይለሰልሳል፤ አብረዋት የሚሠሩት የሚፈሩትም ይህንኑ ነው። ያን የሚያዝያ ማለዳ ቢሮ ገብታ ካፖርቷን ሳታወልቅ "ብሬንት፣ እስቲ አንድ ጊዜ ና የኔ ልጅ" ስትል፣ በዙሪያው ያሉት ሁሉ ራሳቸውን በወረቀት ቀበሩ።

ሥራቸው አሜሪካ፣ ኢንዲያና ውስጥ በአንዲት የአውራጃ ከተማ፣ ክሳቸው ገና ያልታየላቸውን ሰዎች እቤታቸው እንዳሉ መከታተል ነው። ሰውየው ቁርጭምጭሚቱ ላይ የኤሌክትሮኒክ ማሰሪያ ይደረግለታል፤ ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ አንዲት ሳጥን ትቀመጣለች። ማሰሪያው ከሳጥኗ ከራቀ የቢሮው ስክሪን ላይ ስሙ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ይለወጣል። ቬርሊን የመስክ ሠራተኞቹ አለቃ ናት። ቀድሞ የእስር ቤት ጠባቂ ነበረች። ማንም ሳይፈርድበት፣ የዋስ ገንዘብ ስላጣ ብቻ ሰው ሲማቅቅ እያየች ከረመችና፣ ከዚህስ እቤቱ ቢጠብቅ ይሻላል ብላ ወደዚህ ተዛወረች። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያኗ በር ላይ ነጭ ጓንት አጥልቃ ምእመኑን ቦታ ቦታ ታስይዛለች። ሰው በደንብ መቀበልን የተማረችው እዚያ ነው ይሏታል፤ ተሳስተዋል፣ የተማረችው እስር ቤት ነው፣ እንዴት እንደማይቀበሉት አይታ።

አዲስ ሠራተኛ ሲመጣላት ሁለት ነገር ታስተምረው ነበር። አንደኛው፣ ሳጥኗን ከተከልክ በኋላ ከሰውየው ጋር ቤቱን ዙር፤ ማድ ቤት፣ በረንዳ፣ ከመሬት በታች ያለው ምድር ቤት፣ የቱ ጋ ሳጥኗ ማሰሪያውን እንደምታጣው እየው። ሁለተኛው፣ ቀይ ካየህ መጀመሪያ በር አንኳኳ፣ ከዚያ ጻፍ። ይህን ሁሉ ያስቀረው ዳይሬክተሩ ፌንዊክ ነው። ቤት መዞር ጊዜ ይበላል፣ በር ማንኳኳት ቤንዚን ይበላል፤ ስለዚህ ቀይ ከበራ በዕለቱ ለፍርድ ቤት ሪፖርት ይላክ፣ አለቀ። ፌንዊክ ደግ ሰው ነው፣ የሠራተኞቹን ልደት አይረሳም። እንዲህ ዓይነቱ ደግ ሰው የሚያደርሰውን ጉዳት ክፉ ሰው ቢለፋም አያደርሰውም።

በዋዜማው ቀን ቬርሊን ሌላ ከተማ ሥልጠና ላይ ሳለች፣ ከምሳ በኋላ የቶርኔዶ፣ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ጮኸ። እዚያ አገር ሳይረን ሲጮህ ማንም ምን ላድርግ ብሎ አይጠይቅም፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም ምድር ቤት ይወርዳል። ቢሮውም ወረደ። ፌንዊክ ቡናውን ይዞ ወረደ፣ ብሬንት የድንች ጥብሱን ለሁሉም እያዳረሰ ስለ ቅርጫት ኳስ አወራ። አውሎ ነፋሱ የአንድ እህል መጋዘን ጣሪያ ገንጥሎ ከከተማው ዳር አለፈ። ወደ ላይ ሲመለሱ ስክሪኑ በሙሉ ቀልቷል። እዚያ የተወለደ ሰው ምን እንደሆነ ገብቶት መሳቅ ነበረበት። እነሱ ግን ወንበራቸውን ስበው መጠበቅ ጀመሩ።

አብዛኛው ቀይ ባለቤቱ ከምድር ቤት ሲወጣ አረንጓዴ ሆነ። የዴልሮይ ጌይንስ ግን እስከ ማታ እንደቀላ ቆየ። ብሬንትም "ከቤቱ ጠፍቷል" ብሎ ጻፈ፣ የመያዣ ትእዛዝ ወጣ፣ ፖሊሶች ሄዱ።

ዴልሮይ ግን የትም አልጠፋም። እናቱ ሚስ አርኔታ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ፣ ሰውነታቸውም ከበድ ያለ ሴት ናቸው። ሳይረኑ ሲጮህ በጀርባው አዝሎ አወረዳቸው። መውጣቱ ግን እንደ መውረዱ አልሆነለትም፤ ጎረቤቱ ከፋብሪካ ተመልሶ እስኪያግዘው ምድር ቤት ቁጭ ብለው ጠበቁ። ገና ወጥተው እናቱን ወንበራቸው ላይ ሲያስቀምጥ ፖሊሶቹ በሩን መቱ። ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ ለዳኛው ትነግራለህ አሉት። ጎረቤቱ ለማታ ፈረቃ ሚስቱን ሊያደርስ ወጥቶ ነበር፤ ሲመለስም የሆነውን አልሰማም። ሚስ አርኔታ ወደ አልጋ የሚያወጣቸው ጠፍቶ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ እግራቸው አብጦ ነጋባቸው።

ቬርሊን ይህን የሰማችው የዴልሮይን መያዝ እንዳወቀች፣ በማግስቱ ማለዳ ቢሮ ሳትገባ ቤታቸው ሄዳ፣ በር አንኳኩታ ነው።

"ሳይረኑ ሲጮህ የት ነበርክ ብሬንት?" አለችው በለስላሳው ድምፅ።

"ምድር ቤት።"

"ለምን ወረድክ?"

"ቶርኔዶ ነበራ።"

"ዴልሮይስ የት መሆን ነበረበት?"

ብሬንት ፊቱ ቀላ። ደንቡ እንዲህ ነው፣ ሲስተሙ እንዲህ አለ እያለ ትንሽ ተንተባተበ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ያየውን ትቶ የተነገረውን እንዲያምን ያሠለጠኑት ልጅ ነው።

ፌንዊክ ዘንድ ስትገባ እሱም አዘነ። በጣም አዘነ። ነገር ግን የተላከ ሪፖርት ቢሳብ ቢሯችንን ያስገምታል፤ በቀጠሮው ቀን ዳኛዋ ይወስኑ አላት። የቀጠሮው ቀን የሚቀጥለው ሳምንት ነበር። ቬርሊን እናቱን ማን ያነሳቸዋል ብላ ጠየቀችው። የማኅበራዊ አገልግሎት ስልክ ቁጥር ሰጣት። ቁጥሩን ጠረጴዛው ላይ ትታለት መንገዱን ተሻግራ ፍርድ ቤት ገባች፣ አለቃዋን ዘልላ ዳኛዋ ፊት ቆመች። ዳኛ ሃልቮርሰን ራሳቸው በዚያ ሰዓት ከጸሐፊዎቻቸው ጋር ምድር ቤት ነበሩና ብዙ ማስረዳት አላስፈለገም። ዴልሮይ በዚያው ቀን ወጣ። ቬርሊን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ደንቡ ግን እንዳለ ቀረ፣ አንዲት ቃል እንኳ አልተነካችም።

ግንቦት ሲጋመስ ሳይረኑ እንደገና ጮኸ። ሰማዩ ከቶርኔዶ በፊት እንደሚሆነው አረንጓዴ ሆኖ ጠቁሯል። ቢሮው ሁሉ ሲወርድ ቬርሊን ደረጃው አፋፍ ላይ ቆማ ዴልሮይ ዘንድ ደወለች።

"ወርዳችኋል?"

"አልወረድንም፣ ሚስ ቬርሊን። ሳሎን ነን፣ ሳጥኗ አጠገብ።"

"ዴልሮይ፣ እናትህን ይዘህ ውረድ።"

"ባለፈው ወርጄ ምን እንደሆንኩ አይተዋል። እዚህ አረንጓዴ ነኝ። ነፋሱ ሊስተን ይችላል፤ እናንተ ግን አትስቱኝም።"

ልጁ እውነቱን ነው፣ እንዲህ እንዲያስብ ያደረጉት እነሱ ናቸው። የእናትና የልጅ ነፍስ በአንዲት አረንጓዴ ነጥብ እንዲያዝ አደረጉ፣ ደሞዝም ተከፈላቸው። ደረጃውን ትታ ወደ ባዶው ቢሮ ተመለሰች፤ በመስኮቱ በኩል ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች።

"ስማኝ። አሁን ከላይ ቢሮ ነኝ፣ ስምህን እያየሁ። አንተ ካልወረድክ እኔም አልወርድም።"

"እብድ ነዎት እንዴ?"

"አዎ። ጊዜ አታባክንብኝ።"

ስልኩ ሶፋ ላይ ሲወረወር ተሰማ። ከዚያ የዴልሮይ ማቃሰት፣ የደረጃው ጣውላ ሲንቋቋ፣ የሚስ አርኔታ ድምፅ፦ "ቀስ በል አንተ፣ የድንች ጆንያ መሰልኩህ?" መስኮቱ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ቬርሊን ዓይኗን ከስሙ ላይ አልነቀለችም። ስሙ ቀይ ሆነ። በሥራ ዘመኗ ሁሉ ቀይ ሲበራ እፎይ ብላ አታውቅም ነበር።

ስትወርድ ብሬንት አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቀላት። ፌንዊክ ቡናውን ይዞ ማዶ ተቀምጧል። ብሬንት ጠጋ ብሎ የቀላ ሰው አለ ወይ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቃት፤ ዴልሮይ እንደሆነ ነገረችው።

"እና… ልጻፍ?"

"ነፋሱ እንዳለፈ መኪናውን አስነሳ" አለችው በዚያ በለስላሳው ድምፅ፣ ፌንዊክ እንዲሰማት። "ሄደን በር እናንኳኳለን። ሴትዮዋን ወደ ላይ ለማውጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል።"