በውሃ ዳር የማይጠራ ስም

በእኛ ሰፈር ጅኒ የማይባል ነገር አልነበረም። አቧራ እያዞረ የሚያልፍ ነፋስ ጅኒ ነው። እንቅልፍ እምቢ ያለ ሕፃንም ጅኒ ነው። ሒሳብ ቶሎ የሚገባው ተማሪ «ይኼ ጅኒ!» ሲባል መሞገሱ ነው። ሐይቁ ዳር ግን ቃሉ አይነሳም፤ እዚያ «እነዚያ» ነው የሚባለው። ቁመታቸው ከትንሽ ልጅ አይበልጥም፤ ቀትር ላይ ውሃው ዳር ከበቀለው ሸንበቆ፣ ከፊላው መሀል ይወጣሉ፤ እያጨበጨቡ ልጅ ያባብላሉ። የልጁን ስም ከሰሙ ደግሞ ይዘውት ይቀራሉ ይባል ነበር። ስለዚህ እስላሙም ክርስቲያኑም በቀትር ውሃ ዳር ሰው በስሙ አይጠራም።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ወንዶቹ በሙሉ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ሄደዋል፤ መቅረት ያስቀጣል። እናቴ፣ የአባቴ እህትና እኔ ሐይቁ ዳር ልብስ ስናጥብ ትንሹ ወንድሜ ከአጠገባችን ጠፋ።

ፊላው ከሰው ቁመት ይበልጣል። አክስቴ «አጨብጭቡ፣ ይሰማል» አለች። እያጨበጨብን «አንተዬ! ና፣ አንተዬ!» እያልን ዳር ዳሩን ሄድን። አንድ ቦታ ላይ ፊላው ተንቀሳቀሰ። ስንቀርብ ቆመ።

«ልጥራው» አለች እናቴ።

«አብደሻል? በቀትር? ልትሰጫቸው ነው?»

«ውሃው ከወሰደውስ? ስሙን ለማን ላስቀምጠው ነው?»

አክስቴ አፏን ልትይዛት እጇን ዘረጋች። እናቴ ገፍትራት ስሙን ከነአባቱ ጮኻ ጠራች።

«አቤት!» አለ፣ ቅድም ከተንቀሳቀሰው ፊላ ውስጥ።

እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ፊላ በሁለት እጁ ጨብጦ አገኘነው።

«ስንጣራ ምን ዘጋህ፣ አንተ?» አለች አክስቴ።

«ጅኒ መስሎኝ። የሚያጨበጭብ ጅኒ ነው፣ እንዳትወጣ ብለሽኛል።»

«እዚህ ቃሉን አትጥራው! አዑዙ ቢላህ!» አለች አክስቴ።

እናቴ አዝላው ወጣች፤ ልብሱን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ።

«ሰምተውታል» ብላ አክስቴ ያኑ ዕለት ሌላ ስም አወጣችለት። አባቴም ከስብሰባ ሲመለስ ተስማማ፤ ሰፈሩም ለመደው። እናቴ ግን «በዚያ ስም ነው የወጣልኝ» ብላ በቀድሞው ትጠራው ነበር። በጠራችው ቁጥር ሥራዬን ጥዬ እወጣና ግቢ ውስጥ መኖሩን አይ ነበር።