መርዶ ይዞ አራስ ጥየቃ

የእህቴ ባል ሲደውልልኝ ዳላስ አጠገብ ሜስኪት ካለው አፓርትማዬ ወደ ሥራ ለመውጣት የመኪናዬን ቁልፍ እየፈለግሁ ነበር። ዴንማርካዊ ነው። ከትንሿ እህቴ ጋር ተጋብተው በአንዲት ያረጀች የዴንማርክ ከተማ ይኖራሉ። ከእኔ ጋር የሚግባባው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቁጥብ ሰው ስለሆነ ሰላምታውም አጭር ነው። የዚያን ቀን ግን ሰላምታም አልነበረውም።

«ከእንግዲህ አልችልም» አለኝ። «በየቀኑ ስለ አባቷ ትጠይቀኛለች። ዓይኗን እያየሁ መዋሸት አቅቶኛል። ወይ መጥታችሁ ንገሯት፣ ወይ እኔ እነግራታለሁ።»

«እባክህ፣ አንተ አትንገራት። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። እኔ እመጣለሁ።»

«መቼ?»

«ከሥራ ፈቃድ ልጠይቅ። በሁለት ሳምንት ውስጥ።»

«ሁለት ሳምንት» አለና ዘጋው።

አባታችን አዲስ አበባ ካረፈ አራት ወር ሆኖት ነበር። እሱ ሲያርፍ እህቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና፣ የደም ግፊቷ አሻቅቦ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሐኪሞቹ ድንጋጤ እንዳይደርስባት አደራ ብለዋል። እዚያው ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ ከሚኖረው ወንድማችን ጋር በስልክ ተማከርንና እስክትገላገል እንደብቃት አልን። ባሏንም ለምነን አስማማነው። ልጁ ያለጊዜው ተወልዶ ማሞቂያ ውስጥ ገባ፤ ከማሞቂያው ይውጣ አልን። ወጣ፤ እሷም ትንሽ ትጠንክር አልን። «አባዬስ?» ባለችን ቁጥር ስልኩ ተበላሽቷል፣ ጉሮሮውን አሞት ድምፁ ተዘግቷል፣ ጠበል ሄዷል እያልን ከረምን።

የከፋውን ውሸት የዋሸው ወንድሜ ነው። ልጁ እንደተወለደ እህቴ ደውላ «ስም አባዬ ያውጣለት» ብላ ለመነችው። እሱም አንድ ቀን አሳደራትና መልሶ ደውሎ ስም ነገራት። «አባዬ ያወጣለት ነው» አላት። በደስታ አልቅሳ በዚያው ስም አስመዘገበችው። እኔ የሰማሁት ከተመዘገበ በኋላ ነው።

ወደ ኤርፖርት የወሰደኝ እሱ ነው። ኮሌጅ የምትማረው ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ የገንፎ ዱቄት፣ የሕፃን ልብስና ነጭ ጋቢ አለ። ለእህቴ የነገርኳት ለአራስ ጥየቃ እንደምመጣ ነው።

«ባለፈው ሳምንት ነው በያት» አለኝ ወንድሜ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

«ምኑን?»

«ያረፈበትን። ባለፈው ሳምንት ካልሻት የስሙ ነገር አይነሳም። ማንን ይጎዳል?»

«ማም» አለች ልጄ ከኋላ፣ «ማለቴ… ለምን ቪዲዮ ኮል አድርገሽ አልነገርሻትም? ሶ፣ ፎር መንዝ? ኢትስ ቱ ማች።»

«አንቺ አይገባሽም» አላት ወንድሜ። እኔ ግን የገባት እሷ ብቻ እንደሆነች ተሰማኝ። ስንደርስ ሻንጣዬን አውርዶ እጄን ያዘኝና «አደራ፣ ባለፈው ሳምንት» አለኝ።

እህቴ ባቡር ጣቢያ ልጇን ደረቷ ላይ አስራ ጠበቀችኝ። ከስታለች፤ ግን ፊቷ በርቷል። ባሏ ከጀርባዋ ቆሞ አየኝ። እየተሳቀቅሁ የልጁን እግር ሳምኩ፤ ቀና ብዬ የእሷን ዓይን ማየት ፈራሁ።

በማግስቱ ጠዋት ባሏ ወደ ሥራ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ በዝቅተኛ ድምፅ «ዛሬ» አለኝ። አንድ ቃል ብቻ።

እኛ አገር መርዶ ነጋሪ ብቻውን አይሄድም። በማለዳ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ ከፊት አስቀድሞ፣ ሐዘንተኛዋ ስትወድቅ የሚደግፉ ሴቶች ይዞ ነው የሚሄደው። እዚያ ከተማ ውስጥ የእህቴን ቋንቋ የሚናገር ሌላ ሰው እንኳ የለም። ቁርስ አቅርባልኝ እንዴት እንደምጀምር ሳስብ ዳቦውን ሳልበላ ቆራረስኩት።

«እትዬ፣ ተነሺ አንድ አደባባይ ላሳይሽ» አለች ልጇን ጋሪው ውስጥ እያስተኛች። «ነፍሰ ጡር ሆኜ በየቀኑ የምቀመጥበት ቦታ ነው።»

አደባባይ ስትለኝ የጠበቅሁት መኪና የሚዞርበት፣ ጡሩንባ የሚጮኽበት ነገር ነበር። ይሄ ግን እንደ አንድ ሰፊ ግቢ ነው። ዙሪያውን ጎንበስ ጎንበስ ያሉ ቤቶች ተደጋግፈው ቆመዋል፤ ግድግዳቸው በጥቁር እንጨት የተማገረና ቢጫ የተቀባ፣ ክዳናቸው ቀይ ሸክላ። በየበሩ ሥር ከኮብልስቶኑ መሃል ረጃጅም አበቦች በቅለዋል። በአንድ ወገን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ መሃል ላይ ያረጀ የብረት የውሃ ፓምፕ፣ አጠገቡ ትልቅ ዛፍና ከሥሩ አግዳሚ ወንበር። ሰው የለም። የጋሪው ጎማ ድንጋዩ ላይ ሲንኳኳ ድምፁ ከግድግዳዎቹ ይመለስ ነበር። እንዲህ ባለ ጸጥታ ውስጥ ሰው ቢጮህ ምን ይባላል ብዬ አሰብኩ።

ጥጉ ላይ ወዳለው ዳቦ ቤት ስንደርስ እህቴ ጋሪውን ከመስኮቱ ሥር አቁማ በሩን ከፈተች።

«ልጁስ?» አልኳት ደንግጬ።

«ተኝቷል። እዚህ ሁሉም ውጭ ነው የሚያስተኛው። ነይ ግቢ።»

«አልገባም! እንዴት ልጅ ደጅ ይጣላል?»

ሳቀችብኝና ገባች። ዳላስ ቢሆን ፖሊስ ይጠራ ነበር። የጋሪውን እጀታ በሁለት እጄ ጨብጬ ቆምኩ። በመስኮቱ ከሻጯ ጋር ስትሳሳቅ አያታለሁ። ምናልባት ከዚህ በኋላ ለረጅም ጊዜ አትስቅም አልኩ። ትንሽ ትቆይ ብዬ ተመኘሁ።

ገዝታ ስትወጣ ከዛፉ ሥር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥን። ዳቦ የያዘውን ቡኒ የወረቀት ከረጢት ጭኔ ላይ አድርጋ ስልኳን አወጣች።

«ለአባዬ ቪዲዮ እንላክለት» አለች። «አንቺም ስላለሽ ደስ ይለዋል። ስልኩ ሲሠራ ያየዋል።»

መቅረጽ ጀመረች። «አባዬ፣ እንደምን አለህ? ይኸው እትዬ ከአሜሪካ መጣችልን። ይኸው ደግሞ ስም ያወጣህለት ልጅ፣ ተኝቷል…» ካሜራውን ከጋሪው ወደ እኔ አዞረችው። «በይ እትዬ፣ ሰላም በይው።»

አየኋት። ፈገግ ብላ በስልኩ ውስጥ እያየችኝ ነው።

«በይ እንጂ፣ እየቀረጸ ነው።»

«አጥፊው» አልኳት።

«ምን ሆንሽ?»

«አጥፊው፣ እህቴ። በእግዚአብሔር አጥፊው።»

ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ስልኩ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ። ብዙ አልጠየቀችኝም። ከንፈሯ እየነጣ «አባዬ?» ብቻ አለች። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

«መቼ?»

ወንድሜ ያስያዘኝ ቃል አፌ ላይ ነበር። ባለፈው ሳምንት ብል እሱን እገላግለዋለሁ፣ እሷም ቢያንስ ስሙ ይቀርላታል። ግን አራት ወር ሙሉ የዋሸሁት በስልክ ነው። እዚህ ጉልበቷ ጉልበቴን ነክቶ፣ ትንፋሿ እየተሰማኝ አቃተኝ።

«ሳትወልጂ በፊት» አልኳት። «ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለ።»

ወደ ጋሪው ዞራ ልጁን አየችው።

«ስሙንስ?»

ጎንበስ ብዬ የልጁን ልብስ ማስተካከል ጀመርኩ።

«እትዬ፣ ስሙንስ ማን አወጣው?»

«ወንድምሽ።»

ያን ጊዜ ጮኸች። «አባዬ!» ስትል ጩኸቷ በየግድግዳው ተጋጭቶ ተመለሰ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ ርግቦች ተነሡ። ልደግፋት ስነሣ ገፍታኝ ቆመች። ጋሪውን ይዛ አደባባዩን መዞር ጀመረች፤ ደረቷን በአንድ እጇ እየደቃች፣ በሌላው እየገፋች። ከኋላዋ ተከተልኳት። እጀታውን ልይዝላት እጄን ስዘረጋ «እንዳትነኪው!» አለችኝ። «ስስቅ ሰምታችሁኛል። አራት ወር በስልክ ስስቅ እየሰማችሁ አብራችሁኝ ስቃችኋል!»

አንድ መስኮት ተከፈተ። ብስክሌት እየገፉ የሚያልፉ ሽማግሌ ቆሙና በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቋት። ፖሊስ ሊጠሩ ነው ብዬ ሰጋሁ። እሷ በለቅሶዋ መሃል በዴንማርክኛ አንድ ዓረፍተ ነገር መለሰችላቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ብስክሌታቸውን ፓምፑ ላይ አስደግፈው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ እሷ እስክትቀመጥ ድረስ ሳይናገሩ ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ሄዱ። ለቀስተኛ ሆነው የመጡላት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ልጇን አጠባች። እንባዋ ልጁ ግንባር ላይ ይንጠባጠባል።

«አንቺ አልቅሰሻል?» አለችኝ ሳታየኝ።

«አልቅሻለሁ። ዳላስ አዳራሽ ተከራይተን፣ ሰው መጥቶልን።»

«ያለ እኔ።»

«ያለ አንቺ።»

ሦስት ቀን ቤት ተቀመጥን። ባሏንም አኮረፈችው፤ አውቆ ደብቋታልና። እሱ ግን ወንበር ደርድሮ፣ ሻይ አፍልቶ፣ ልጁን አቅፎ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ድንገት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና ስለ አባዬ መጠየቅ ጀመረች። ማን አጠገቡ ነበር? ማን ገነዘው? የት ተቀበረ? የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት። የማላውቀውን አላውቅም አልኳት። ስሰናበታት «ለወንድሜ እኔ አልደውልለትም፤ ይደውል» አለችኝ።

ወንድሜ ከኤርፖርት ተቀብሎኝ ገና መኪና ውስጥ እንደተቀመጥን «መቼ አልሻት?» አለኝ።

«እውነቱን።»

መሪውን በመዳፉ መታው። ሜስኪት ስንደርስ ከአፓርትማዬ ፊት ፓርክ አድርጎ «ስሙን ልትቀይረው ነው?» አለኝ።

«ደውለህ ራስህ ጠይቃት። እዚያ ሌሊት ቢሆንም ልጁ አያስተኛትም፤ ታነሳለች።»

ደወለ። «ሃሎ» ስትል ሰማሁ። በአዳራሹ ለቅሶ ቀን ዓይኑ እንኳ ያልራሰው ሰው መሪው ላይ ተደፍቶ ተንሰቀሰቀ። ሻንጣዬን አውርጄ ትቼው ገባሁ። በመስኮት ሳይ ከአንድ ሰዓት በላይ እዚያው መኪናው ውስጥ ነበር። ምን እንደተባባሉ አንዳቸውም አልነገሩኝም።

ስሙ አልተቀየረም። እህቴ ለልጇ «አጎትህ ያወጣልህ ስም» እያለች ትነግረዋለች። ከእኔ ጋርም እንነጋገራለን፤ ሳቋም ቀስ በቀስ ተመልሷል። ግን በደወልኩላት ቁጥር፣ ከሰላምታ በፊት፣ «ሁሉም ደህና ናቸው?» ትለኛለች። «ደህና ናቸው» ስላት፣ «እውነትሽን ነው?» ብላ ደግማ ትጠይቀኛለች።