ቀዝቃዛ እጅ

ቢቸና ክሊኒክ መርፌ የሚቀቀልበት ድስት ዛሬም ይፈላል፤ የሚታቀፈው ግን የለም። እዚያ ድሬሰር የነበሩት አክስቴ ድስቱ ከእሳት ሲወርድ በጨርቅ ጠቅልለው ይታቀፉትና መዳፋቸውን ያሞቁ ነበር። የትናንት አራስ ልጅም ሆነ የሸመገለ መነኩሴ፣ ባላገርም ሆነ ከአዲስ አበባ የተሾመ የአውራጃ ገዥ፣ እጃቸው ሳይሞቅ አንድም በሽተኛ አይነኩም። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሲያጉረመርም፣ «ታገሡ፤ ቀዝቃዛ እጅ ራሱ ሕመም ነው» ይሉታል።

የሳንባ ነቀርሳ ሲይዛቸው ሞጣ፣ ወንድማቸው ቤት ተወሰዱ። ያ አጎቴ ጓሮ ካለችው ጎጆ ለብቻቸው አስተኛቸው። ዋንጫቸው ተለየ፣ ሳህናቸው ተለየ። ልጇ በኩፍኝ ሲያጣጥር ቢቸና ድረስ አምጥታ በእነዚያ እጆች የዳነላት የአጎቴ ሚስት፣ ምግቡን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ በዱላ ትገፋላቸው ነበር።

ከቢቸና ልጠይቃቸው ስሄድ ክረምት ነበር። በሩ ላይ ቆሜ፣ ከእሳቸው እንደተማርኩት፣ መዳፌን በትንፋሼ ማሞቅ ጀመርኩ። አዩኝ።

«ተዪው ልጄ፤ ቢቀዘቅዝም ግድ የለም። ብቻ ንኪኝ» አሉኝ።

እጄን ስዘረጋ አጎቴ ከኋላዬ ጎትቶ አወጣኝና በሩን ዘጋው።

ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። የቀብሩ ለት ዘመድ ግቢውን ሞላው። ቃሬዛው ሲነሣ አጎቴ ሰውን በክርኑ እየገፋ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦

«ዘወር በሉ! እህቴን ማንም አይነካብኝ! እኔ ነኝ የምሸከማት!»