ጨው አልባ ምሳ

የካቲት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር። ደብረ ታቦር ላይ ከማሠለጥናቸው የሕፃናት ሐኪሞች አንዱ፣ በኩላሊት ሕመም ሰውነቷ አብጦ ገብታ አሁን በተሻላት የስድስት ዓመት ልጅ አልጋ ጫፍ ተቀምጦ፣ ጨው ያልገባበት ሽሮ አብሯት ይበላ ነበር። ብቻዬን አልበላም ካለች ወዲህ ምሳው ይኸው ሆኗል። እርሱ ሲጎርስ እርሷም ትጎርሳለች፤ ፊቱን ካኮማተረ ግን ቅጣት አለበት።

«ተኮማተርህ! ድገም!»

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» አለች ነርሷ መድኃኒት እያደለች። «ዶክተር፣ አንተስ ለልብ ልትሄድ አልነበር? የልብ ሐኪሞች እኮ ምሳቸውን ካፌ ነው የሚበሉ።»

ወደ ልብ ሕክምና እንዲሄድ የእኔም ምኞት ነበር። ለቀጣዩ ሥልጠና የሚያመለክተው ለአንድ ዘርፍ ብቻ ነው፤ ማመልከቻውም በማግስቱ ይዘጋል። የጉሮሮ ሕመም ውሎ አድሮ ልባቸውን የጎዳባቸው ልጆች ከየወረዳው ይመጡብናል። ይህ ሠልጣኝ ደግሞ እኔን ያመለጠኝን የልብ ድምፅ ሰምቶ ያሳየኝ ሰው ነው። ስለ ጆሮው ጠቅሼ የድጋፍ ደብዳቤውን ጽፌ ጨርሻለሁ።

ከምሳ በኋላ ቢሮዬ መጣ።

«ዶክተር፣ ኩላሊት ብል ይቆጡኛል?»

«በእርሷ ምክንያት?»

ወደ ልጅቱ ክፍል ዞር ብሎ አየ።

«እርሷን ማን ይጠላል? በሚወዱት በአንድ ልጅ ሙያ አይመረጥም። ልጅቱ ዛሬ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ኩላሊቱ ግን አብሮህ ይቀራል። እስከ ጠዋት አስብበት።»

ልጅቱ በአባቷ ጀርባ ታዝላ፣ በእጇ እየተሰናበተችው ሄደች። አልጋዋ ብዙም ባዶ አልቆየም፤ ከጣራ ገዳም በኩል ዓይኑ እስኪጨፈን ያበጠ የስምንት ዓመት ልጅ ገባበት። ይኸኛው ማንንም አያስጠጋም። ሠልጣኙ ሽሮውን ይዞ ሲጠጋው በነጭ ገዋኑ ላይ ደፋበት።

«ይኸውልህ ኩላሊትህ!» ብላ ነርሷ ፎጣ አቀበለችው።

እኔም አልደብቅም፣ በልጁ ቁጣ ሐሳቡን ይለውጥ ይሆናል ብዬ ጥቂት ተስፋ አድርጌ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

በማግስቱ ጠዋት ክፍሉን ስዞር፣ ሠልጣኙን ከአልጋው ሥር መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ልጁ ከአልጋው አባርሮታል። ሠልጣኙ ጀርባውን ለልጁ ሰጥቶ ጨው አልባ ቂንጬ ይበላል፤ ልጁም ከላይ ሆኖ ማንኪያውን በዓይኑ ይከተላል።

«ዞር በል» አለው ልጁ።

«እሺ» አለና አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ አለ። መብላቱን ግን አልተወም።

«ጎረሰልህ?» አልሁት።

«አንድም። ግን ቂንጬው ገና አላለቀም።»

«እንግዲያስ?»

«ኩላሊት ይሁን፣ ዶክተር።»

ፊቱን አየሁት፤ አልተኮማተረም። ቢሮዬ ገብቼ ደብዳቤውን እንደገና ጻፍሁ። ልብ የነበረውን ኩላሊት አልሁት፤ ስለ ጆሮው የጻፍሁትን ግን አላወጣሁትም።