የሰኞ ሒሳብ

«ለመሆኑ የዚህ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?» አሉኝ ዳይሬክተራችን፣ ኮታቸው ላይ የደረቡትን ጋቢ ወደ ትከሻቸው እየሰበሰቡ።

«እርስዎ ነዎት። ለዚህ እኮ ነው እርስዎ ጋ የመጣሁት» አልኳቸው።

ደባርቅ አስራ አንደኛ ክፍል ስማር ነው። የጠየቅኋቸው ነገር ቀላል ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ያለው ሒሳብ ይነሳና በቦታው ስፖርት ይግባ። ሒሳብ ሰኞ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እስከ እረፍት ድረስ ሁለት ክፍለ ጊዜ ተከታትሎ ነበር። ፕሮግራሙን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ «ጭንቅላት ሳይደክም» ብለው። የማን ጭንቅላት እንደሆነ አላሰቡበትም።

አብራኝ ቤት የተከራየችው ጓደኛዬ ከተራራው ማዶ የአምባራስ ልጅ ናት። እኔ የዳባት ነኝ፤ እሁድ ከሰዓት ሚኒባስ ከተሳፈርኩ ወሬዬን ሳልጨርስ ደባርቅ እደርሳለሁ። እሷ ግን አርብ ስንቅ ልታመጣ ከሄደች እሁድ መመለሻ መኪና የለም። ሰኞ ሊነጋጋ ሲል በሚነሳው አይሱዙ ከገብስና ከድንች ጆንያ ጋር ተጭና፣ ሳንቃ በር በሚባለው ተራራ በኩል ዞራ ስትደርስ እኛ ለእረፍት ወጥተናል። እሷ ብቻ አይደለችም፤ ከዚያ ማዶ የሚመጡት ሁሉ እንደዚያው ናቸው። ሰኞ ጠዋት የክፍላችን ወንበር ግማሹ ባዶ ነው።

የሒሳብ መምህራችን ጎበዝ ነው። ጥፋቱ፣ አዲስ ምዕራፍ የሚጀምረው ሰኞ ነው። ማክሰኞ ይገባና «ትናንት እንዳየነው» ይላል። ጓደኛዬ ትናንት ያየችው የጭነት መኪና ኋላ ነው። እራት እየሠራን እኔ ላስረዳት እሞክራለሁ፤ ሳስረዳ ደግሞ የገባኝም ይጠፋብኛል።

ትምህርት ቤቱን ላማ ብዬ አይደለም። ላብራቶሪው ቁልፉ ተፈልጎ ይገኛል። ቤተ መጻሕፍቱ ወንበር እንጂ መጽሐፍ አይጎድለውም። የእንግሊዝኛ መምህራችን ቱሪስት ካገኘች እየጎተተች አምጥታ ፊታችን ትገትረዋለች፤ እኛም እስኪደክመው እናናግረዋለን። ግን ነገሩ ሁሉ የተሰናዳው ደወሉን እቤቱ ሆኖ ለሚሰማ ልጅ ነበር። አምባራስ ደወሉ አይሰማም።

ጓደኛዬ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሒሳብ ወደቀች። አባቷ ቁርጡን ነገሯት፤ በሁለተኛውም ከወደቀች የቤት ኪራይ የለም፣ ትምህርትም የለም። «ድንች ለመብላት ከሆነ እዚሁ ሆነሽ ብዪ» አሏት። እኔ ዳይሬክተሩ ቢሮ የገባሁት ለዚህ ነው።

«በዚህ ብርድ ጠዋት ማን ስፖርት ይሠራል?» አሉ።

«ብርድ የሚያባርረው ስፖርት ነው ወይስ ሒሳብ?»

«ችግሩ ፕሮግራሙ አይደለም። የገጠሮቹ ማርፈድ ለምዶባቸው ነው። ሰኞ እኔ ራሴ በር ላይ ቆሜ አሳያቸዋለሁ!»

«ይቁሙ። እኔም የምለምንዎት እሱን ነው» ብዬ ወጣሁ።

ሰኞ እውነትም ቆሙ። ለእረፍት ስንወጣ አይሱዙው ደርሶ፣ ልጆቹ በሩ ጋ ጆንያ ጆንያቸውን ይዘው ተንበርክከዋል፤ ፀጉራቸው በአቧራ ነጭ ሆኗል። ጓደኛዬም አለችበት። ከኋላዋ አባቷ ጆንያ ተሸክመው ቆመዋል።

«እንደምን አደሩ፣ የኔታ» አሉ አባቷ ረጋ ብለው። «ልጄ ምን አጥፍታ ነው የተንበረከከችው?»

«አርፍዳ ነው፣ አባቴ። ሰኞ ሰኞ ታረፍዳለች። ሒሳብ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ነው፤ የወደቀችውም ለዚህ ነው።»

አባቷ ጆንያውን ቀስ ብለው መሬት አወረዱ።

«ቆዩኝማ፣ የኔታ። የወደቀችው ያልተማረችውን ነው?»

«እ... ስላልተገኘች ነው እንጂ...»

«እኔ ደግሞ ጭንቅላቷ እምቢ ያላት መስሎኝ። አመጣጤም እንግዲህ ክረምትን ሳልጠብቅ ይብቃት ብዬ ልወስዳት ነበር።» ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ ዳይሬክተሩን። «እንግዲያውስ መጀመሪያ ያስተምሯት፣ ከዚያ ትውደቅ። ያን ጊዜ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

መጀመሪያ የሳቀው ዘበኛው ነው። ከዚያ እኛ። ዳይሬክተሩ ሊቆጡን ዞር አሉና የራሳቸውም ሳቅ አመለጣቸው።

«እሁድ መኪና የለም እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

«እሁድማ ሾፌሩም ቤተ ክርስቲያን ነው» አሉ አባቷ።

«ተነሱ፣ ግቡ» አሉ ዳይሬክተሩ ለልጆቹ። እኔን ሲያዩኝ፣ «አንቺ ደግሞ ጥርስሽን ክደኚ።»

አባቷ ጠጋ አሉኝ። «ምላሰኛዋ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«በይ ያዥ» ብለው ጆንያውን አሸከሙኝ። እስከ ክረምት ታገሷት፤ ውጤቷን አይተው ሊወስኑ።

በሳምንቱ አዲስ ፕሮግራም ተለጠፈ። ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ስፖርት፤ ከእረፍት በኋላ ሒሳብ። የስፖርት መምህራችን በቱታው ላይ ጋቢ ለብሶ፣ ፊሽካውን በጥርሱ ነክሶ፣ እጁን ከጋቢው ሳያወጣ አስሮጠን። ሜዳው ላይ የነበርነው ከተማ ያደርነው ብቻ ነን።

«የማን ምላስ ነው ያስሮጠን?» ይለኛል አንዱ እያለከለከ።

«ያንተን ሆድ እንኳ ጠቅሞታል!» አልኩት።

መምህሩ ሰማኝ። እረፍት ሲደወል ሌላው ሻይ ሊጠጣ ሄደ፣ እኔ ተጨማሪ ዙር ላይ ነበርኩ። ጨርሼ፣ ፊቴን ታጥቤ ክፍል ስደርስ ሒሳብ ተጀምሯል። አዲስ ምዕራፍ ነው። ወንበሮቹ ሞልተዋል። ጓደኛዬ የአይሱዙውን አቧራ እንኳ ሳታራግፍ ሰሌዳው ፊት ጠመኔ ይዛ ቆማለች፤ የጀመረችውን ጥያቄ አጋምሳዋለች።

የሒሳብ መምህሩ በሩ ላይ አየኝ።

«ዛሬ አንቺ ነሽ ከአምባራስ የመጣሽው?»

ክፍሉ ሳቀ። «ቲቸር፣ ስፖርት...» አልኩ።

«አርፋጅ አላስገባም። ታውቂያለሽ።»

ጓደኛዬ ጠመኔውን ከሰሌዳው ሳታነሳ አንገቷን ብቻ አዞረች።

«እራት ስንሠራ አስረዳሻለሁ» አለችኝ።

በሩን ከውጭ ዘግቼ ሄድኩ።